መውጫው ቁጥር አራት

ኡምኩልሱም አራትን ትጫናለች። ስክሪኑ «ደህና ሁኑ» ይልና ወዲያው ተመልሶ «ወዴት ነው? አንድ ወረኢሉ፣ ሁለት ደጎሎ፣ ሦስት ደሴ፣ አራት መውጫ» ብሎ ይጠይቃታል። እንደገና ትጫናለች። እንደገና ተሰናብቷት እንደገና ይጠይቃታል።

«የእኛ አገር እንግዳ ነው እኮ» ይላል አጠገቧ የተቀመጠው ኪዳን። «ደህና ዋሉ ብሎ ተነስቶ፣ በር ላይ ሌላ ወሬ ይጀምራል።»

ክፍሉ ይስቃል፤ እሷ አትስቅም። መብራት ስለጠፋ ኮምፒውተሮቹ የሚሠሩት በጄኔሬተር ነው። ነዳጁ ሲያልቅ የተግባር ፈተናውም ያልቃል። አጎቷ ጀብሪል ደግሞ ፓስፖርቷን በኮታቸው ኪስ ይዘው የተከፈተው በር ላይ ቆመዋል። ቃላቸው የታወቀ ነው፦ ካለፈች እዚሁ መካነ ሰላም ትቀራለች፤ ከወደቀች ዛሬውኑ ደሴ ደላላው ዘንድ፣ ከዚያም ዳግመኛ ሪያድ።

«ኡሚ፣ ሚኒባሱ ሊሞላ ነው» ይላሉ። «ማሽኑም እንቢ አለሽ። የአላህ ውሳኔ ነው፣ ተነሽ በቃ።»

«የአላህን ውሳኔ እርስዎ አይንገሩኝ፣ አጎቴ።»

ዞር ብላ አታያቸውም። ለፈተናው የጻፈችውን የትኬት መቁረጫ ፕሮግራም ከላይ ጀምራ ታነባለች። በየምርጫው መጨረሻ «ብሬክ»፣ ማለትም «ውጣ»፣ ብላለች፤ መውጫውም ላይ እንዲሁ። ታዲያ ለምን አይወጣም?

ሪያድ ትዝ ይላታል። በሠራተኝነት ከገባችበት ከመጀመሪያው ቤት ያመለጠች ዕለት የተገላገለች መስሏት ነበር። የኤጀንሲው ሰው ግን በማግስቱ ሌላ ቤት አስገባት። የወጣችው ከቤቱ ብቻ ነበር፤ ከቤት ቤት የሚያዞራት ሰው እዚያው ነበር።

ጣቷ ቀጥ ይላል። ብሬኩ የሚያስወጣው ምርጫዎቹን ከያዘው የትእዛዝ ክፍል፣ ከስዊቹ ብቻ ነው። ስዊቹን ከውጭ የከበበው ደጋጋሚ ትእዛዝ፣ ሉፑ፣ ይቀበለውና መልሶ ያዞረዋል።

የአራትን ብሬክ ታጠፋና ፕሮግራሙን ከነጭራሹ የሚዘጋውን ትእዛዝ ትጽፋለች፦ «ሪተርን ዜሮ»።

ወጣቱ መምህር አለምነው ከኋላዋ ጎንበስ ይላል። «ከመሃል ዘላችሁ አትውጡ፣ መውጫው የሉፑ መጨረሻ ላይ ይሁን አላልኩም? ነጥብ ይቀነስብሻል።»

«ይቀነስ፣ ቲቸር። እኔ ግን አንድ ዙር አልጨምርም።»

መምህሩ ራሱ አራትን ይጫናል።

«ደህና ሁኑ» ይላል ስክሪኑ። ከዚያ ዝም። ኪዳንም አንገቱን አስግጎ ያያል። መምህሩ ትንሽ ይጠብቃል፤ የሚጠይቅ የለም።

«ቀንሼብሻለሁ» ይላል እየጻፈ። «አልፈሻል።»

ውጭ ሚኒባሱ ክላክስ ያሰማል።

«ደላላውን ምን ልበለው?» ይላሉ አጎቷ። «የሰው ፊት አየሁልሽ እኮ!»

ኡምኩልሱም ተነስታ እስከ በሩ ትሄድና መዳፏን ትዘረጋለች። «ፓስፖርቴን ይስጡኝ።»

«ወላሂ ትጸጸቻለሽ!»

ክላክሱ ደግሞ ይጮኻል፤ ረዳቱ «ደሴ! የቀረ!» ይላል። እጇ አይታጠፍም። አጎቷ እያጉረመረሙ የኮታቸውን ቁልፍ መፍታት ይጀምራሉ።