የባርኔጣው ቀዳዳ

ጥይቱ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ቢል ኖሮ ለልጅቷ እናት ምን ብላ ትነግራት ነበር? አያትየዋ በልጅ ልጇ ቀይ ባርኔጣ ቀዳዳ ጣቷን አስገብታ አወጣች። ከትናንት ጀምሮ ብትለፈልፍ የሚሰማት አላገኘችም። ለአደን በተከራዩት የገጠር ቤት ውስጥ የልጅቷ ፍቅረኛ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ጠመንጃውን ይወለውል ነበር።

«ድኩላ መስዬው ነው እንጂ ሆን ብሎ መሰለሽ፣ እማማ?» አለች ልጅቷ።

«ቀይ ባርኔጣ ያደረገ ድኩላ ደግሞ የት አገር ነው ያለው? ዛሬ ከእሱ ጋር ጫካ ብትገቢ በመቃብሬ ላይ ነው!»

ልጅቷ ሳቀች። «እሺ በቃ፣ ጠመንጃው እዚሁ ይቀመጥና ባዶ እጃችንን እንንሸራሸራለን። እሱ እንደሆነ እኔ ካለሁለት ሌላ ምን ይፈልጋል?» አለችና እጇን ዘረጋችለት።

ወጣቱ የተዘረጋውን እጅ ትንሽ አየት አደረገው። ከዚያ ተነሳና ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ፣ ብቻውን ወደ ጫካው ወጥቶ ሄደ።