የጋትቤል መስመር

«ኮፍያህን አውልቅ» አሉት አባቱ። ጋትቤል አወለቀ። ለልቡ የሚውጠው የደም ማቅጠኛ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም አፍስሶበት፣ ናይሮቢ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት፣ ካቶር ሰፈር ወዳለው ቤቱ በሰላም መግባቱ ነበር።

በሽማግሌው ግንባር ላይ፣ በኑዌር ወግ ወንድ የሆኑ ዕለት ሳያለቅሱ በምላጭ የተሰመሩባቸው ስድስት ጠባሳዎች ከጆሮ እስከ ጆሮ ተጋድመው ነበር። ኢትዮጵያ በስደት ያደገው ጋትቤል ግን ግንባሩ በምላጭ አልተነካም፤ አርባ ዓመት ሞልቶትም ለአባቱ ገና ልጅ ነበር። ከጆሮው ወደ ግንባሩ የሄደውን የስፌት መስመር ሽማግሌው በጣታቸው ቀስ ብለው ተከተሉት።

«አለቀስክ?»

«አላለቀስኩም፣ አባባ፤ ማደንዘዣ ተወግቼ…»

«አላለቀሰም!» ብለው ግቢውን በጩኸት አናጉት። «ልጄ ወንድ ሆነ! ማለብ የልጆች ሥራ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ላም እንዳታልብ!»

በዕድሜው ላም ነክቶ የማያውቀው ጋትቤል ሳቁን አፍኖ እጁን አነሳ።

«ሁለተኛ አላልብም» ብሎ ማለ።