አሳ ያማለደው ጋብቻ

ሽማግሌ መላክ በአዋጅ ከቀረ ወዲህ ሰው የሚያጋባው አሳ ነው። የሁለቱ ወገን ቤተሰቦች በየበኩላቸው አንድ አንድ አዳኝ አሳ መርጠው በሙሽሪት ቤት አንድ የጨው ውሃ ገንዳ ውስጥ ይጨምራሉ። በሳምንቱ ካልተበላሉ ጋብቻው ይጸድቃል።

የእጮኛዬ አባት አቶ በላቸው መርዛም እሾህ የለበሰ አሳ ይዘው መጡ። እናቴ እባብ የሚመስል ጥርሳም ልትገዛ ሄደች።

«አንዱ የሌላው አፍ ውስጥ እንዳይገባ እኩያውን ምረጪ» አላት ሻጩ።

«ድሮስ! ጋብቻ ከአቻ ነው እንጂ» ብላ በስንዝሯ ለክታ ገዛች።

አሳዎቹ ሳምንቱን ሙሉ ቀና ብለው እንኳ አልተያዩም። አቶ በላቸው በየቀኑ እየመጡ የገንዳው መስታወት ፊት ይቆሙና «ወይ መከባበር!» እያሉ ይደነቃሉ።

ዛሬ ጠዋት ሳሎን ስገባ እናቴ ሁለቱን አሳዎች ተራ በተራ ጥሬ ሥጋ ስታጎርስ ደረስኩባት። ለካ እኛ ሰሞኑን ሽሮ ብቻ የምንበላው ለዚህ ኖሯል!

«የጠገበ አሳ አይናከስም» አለችኝ፣ እፍረት የሚባል ሳይነካት።

«ከሰርጉ በኋላስ ማን ያጎርሳቸዋል?»

«ከሰርጉ በኋላማ ማን ያያቸዋል ልጄ? እኔንና አባትሽን ማን አየን?»