የሸራው ልክ

ሸራ ሰፊዋ ገመዱን ስባ አዲሱን ሸራ ምሰሶው ጫፍ አደረሰችው። ታችኛው ጠርዝ ግን ጀልባው ወለል ላይ ተጎተተ። ምሰሶውን የለካላት ወንድሟ ላይ አፈጠጠች።

«ክንድ ሙሉ ትርፍ! መለካት እንኳ ያቅትሃል?»

«ልኩን አልተሳሳትኩም» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «አንቺ ስትሰፊ ምሰሶውን ነቅዬ ከሥሩ ክንድ ያህል ቆርጬ መልሼ ተከልኩት። አባታችንን የወሰደ ባሕር አንቺንም ሲወስድሽ ቆሜ አላይም።»

ደሟ ፈላ። «በሕይወቴ ላይ ማን ሾመህ?» እጇን ሊይዝ ሲጠጋ ገፈተረችው። ሸራውን አውርዳ ወለሉ ላይ ዘረጋችው፤ ትርፉን በጠመኔ አሰመረችና መቀሷን አነሳች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ላሳጥረው ነዋ!» አለች መቁረጥ እየጀመረች። «ነገ ጠዋት በዚሁ እሄዳለሁ። አሁን ከጀልባዬ ውረድልኝ!»