መኪናው ግማሽ መንገድ ላይ ለምን ተመለሰ?

«አባባ፣ መንገዱ ተዘግቷል? ንገረኝ እንጂ!»

ልጄ ደግነት ነው፣ ከደቡብ አፍሪካ። በዚያ ጠዋት ሲደውል ሦስተኛው ነበር።

«አልተዘጋም» አልኩት።

«ዲላ ላይ ወጣቶቹ ሰልፍ ወጥተዋል እኮ! እኔ እዚህ ሆኜ በቀጥታ እያየሁ አንተ እዚያው ሆነህ አታውቅም?»

«እኔ ያለሁት ወርቃ ነው። ዲላን በምን ልየው?»

«እሺ… እናቴስ?»

ዞር ብዬ አየኋት። ዘነቡ ሆዷን ይዛ ግድግዳውን ተደግፋለች። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ሆዷ ተነፍቷል…

«ደህና ናት» አልኩና ዘጋሁት።

«የደግነት አባት… ለምን ዋሸኸው?» አለችኝ።

«ከዚያ ሆኖ ምን ያደርግልሻል? ትርፉ ጭንቀት ነው።»

ደግነት ከሄደ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሱቅ ውስጥ ይሠራል። እዚህ ሰልፍ ካለ አይበላም፣ አይተኛም። ፌስቡክ ላይ ገጽ ከፍቶ ያየውን ሁሉ ይለጥፋል… አርባ ሺህ ሰው ይከተለዋል።

ተው ስለው «ከቀያችን ስንፈናቀል ጊዜ ማን ጮኸልን? አሁን እኔ እጮሃለሁ» ይለኛል።

 

ረፋድ ላይ ዘነቡን አረንጓዴ ነገር አስመለሳት። ያኔ ፈራሁ።

ገደብ ከተማ ላለው ሾፌር፣ ለአማኑ ደወልኩ።

«ታች መንገዱ ላይ ጠብቀን። ሚስቴን ዲላ ሆስፒታል ታደርስልኛለህ።»

«መጣሁ ጋሼ! ከእናንተ ቀድሜ እደርሳለሁ።»

ቃሬዛ አሰርን።

እኛ ጋ በሽተኛ ሲወርድ ሰፈሩ ባዶ ይቀራል። ቡና ለቃሚው ቅርጫቱን ጥሎ ይመጣል። ዘመድ ነው ባዳ ነው ተብሎ አይጠየቅም።

ተሸካሚው ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል… ሲቀያየር ይጮሃል። ካልጮኸ ጭቃው ላይ በሽተኛዋ ትወድቃለች።

ያን ቀን ያካፋ ነበር። ሴቶቹ የእንሰት ቅጠል ቆርጠው ከላይዋ ያዙላት። ወንዶቹ እንዳይንሸራተቱ ዱላ ይዘዋል።

መቶ ሰው እንሆናለን። እየጮህን፣ እየሮጥን ወረድን።

መንገዱ ላይ ደረስን…

መኪና የለም። ደወልኩለት።

«አማኑ፣ የት ነህ?»

«ጋሼ ይቅርታ… ግማሽ መንገድ መጥቼ ተመለስኩ።»

«ለምን?»

«ወርቃ ሕዝቡ ተነስቷል አይደል እንዴ! ዱላ ይዘው እየጮሁ ሲወርዱ በቪዲዮ አየሁ። መኪናዬን ቢያቃጥሏትስ? የልጆቼ እንጀራ ናት።»

«የምን ሕዝብ? እዚህ ያለነው እኛ ነን!»

«እናንተም ብትሸሸጉ ይሻላል ጋሼ…»

ዘጋው።

ሌላ ሾፌር ደወልኩ… ሌላም… ሁሉም «መንገዱ ተዘግቷል» አሉኝ። እኔ መንገዱ ላይ ቆሜ!

አንድ ሰዓት ጠበቅን… ሁለት ሰዓት…

«ዲላ ድረስ እንሸከማት!» አለ አንዱ ጎረምሳ።

«አንተ? ጨለለቅቱ ከተማ ሳትደርስ አንተን ነው የምንሸከመው» አለው ጓደኛው።

ዘነቡ ፈገግ ልትል ሞከረች። ከንፈሯ ደርቋል።

ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሲል አንዲት ፒካፕ እየበረረች መጣች። ነጅሙዲን ነው፣ ገደብ ላይ ጨርቅ የሚሸጠው። ከሰላምታ ያለፈ ትውውቅ የለንም።

«ማን ላከህ?» አልኩት።

«ማንም። ይርጋጨፌ ዕቃ ልጭን ሄጄ ነው ቪዲዮውን ያየሁት። ሰው ሁሉ ‹ሰልፍ ነው› ይላል… እኔ ጩኸቱን ሰምቼ የቃሬዛ መሆኑን አወቅኩ። ሃያ ዓመት እዚህ ኖሬያለሁ እኮ! በሉ ጫኑ!»

ዲላ ስንደርስ ሐኪሙ ሆዷን አየና ፊቱ ተለወጠ።

«አንጀቷ ተጠምዝዟል። ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ብትመጡ ሳንቆርጥ እንፈታው ነበር…»

ወደ ቀዶ ሕክምና አስገቧት።

በር ላይ ቆሜ ሳለሁ ትንሿ ልጄ ሳሮን ከኮሌጅ እየሮጠች መጣች። ስልኳን ሰጠችኝ።

ከወንዙ ማዶ የተቀረጸ ነው። ዱላ… ጩኸት… የእንሰት ቅጠል። ቃሬዛው ከቅጠሉ ሥር ነው፣ አይታይም። የራሴን ጀርባ አየሁት።

ከላዩ «ወርቃ ተነሳ! መንገዱን ዘጋ!» ይላል። አሥራ አንድ ሺህ ሰው አጋርቶታል።

«ማነው እንዲህ ብሎ የጻፈው?» አልኳት።

 በጣቷ ስሙን አሳየችኝ።

ደግነት።

ደወልኩለት።

«አባባ! አየኸው? ወርቃ እኮ…»

«ከቅጠሉ ሥር ያለችው እናትህ ናት።»



«ደህና ናት አልከኝ እኮ፣ አባባ…»

«አዎ። ዋሸሁህ።»

«ብትነግረኝ ኖሮ…»

«አንተስ? በዚያ ቁልቁለት ስንቱን በሽተኛ ተሸክመሃል! ጩኸቱን እንዴት አላወቅከውም?»

«አንድ የማላውቀው ሰው ላከልኝ… ድምፁን አጥፍቼ ነው ያየሁት… ሱቅ ውስጥ ሰው ነበር…»

ስልኩ ሲወድቅ፣ እሱም ሲያለቅስ ተሰማኝ።

ዘነቡ ተርፋለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንጀቷ ግን አንድ ክንድ ያህል ተቆርጧል። እንደ ድሮ አትበላም፣ እንደ ድሮ አትሸከምም።

ደግነት ቪዲዮውን አጠፋው። ሌሎች ግን ወስደውታል። አሁንም «ወርቃ ተነሳ» እየተባለ ይዞራል… ሚስቴ ከቅጠሉ ሥር እያቃሰተች።

ልጄ ለአገሩ በማሰቡ አልወቅሰውም። ነገር ግን ከሩቅ ሆኖ ያየውን ከመለጠፉ በፊት እዚህ ያለ አንድ ሰው ቢጠይቅ ምን ነበረበት?

ደግሞ ቢጠይቀኝስ… እኔ እውነቱን እነግረው ነበር?

ውጭ አገር ላለ ልጅ «ደህና ነን» እያልን የምንደብቀው ነገር ሁሉ እርሱን ከቤቱ ያርቀዋል። ቤቱን ያላወቀ ልጅ አገሩን በስልክ መስኮት ሊያውቅ ይሞክራል። እሱ ያላወቀውን ጮኸ፣ እኔ የማውቀውን ዋጥኩ። መሐል ላይ የተጎዳችው እሷ ናት።

እናንተ ፍረዱ… ከእኔና ከልጄ፣ የበለጠ ያጠፋው ማንኛችን ነው? የእናንተ ቤትስ ውጭ ላለው ሰው እውነቱን ይነግራል? ከታች ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።