የጎታው ምስክር

ወታደሮቹ በደፈሯት ዕለት ለብሳው የነበረውን ነጭ ቀሚስ በፌስታል ቋጥራ፣ እህል በሌለው ጎታ ውስጥ ደበቀችው። ለእናቷ እንኳ አልተነፈሰችም። «እንዳታጥቢው፤ ሕግ የመጣ ቀን እሱ ይመሰክርልሻል» ብላት ነበር የጤና ጣቢያዋ ነርስ።

ሕግ ግን ቶሎ አልመጣም። ጦርነቱ እስኪያበቃ ጤና ጣቢያው ከነካርዱ ተቃጠለ፤ ነርሷም የደረሰችበት ጠፋ። ልጅቷ ፌስታሉን ከፍታ ለማየት አንድም ቀን አልደፈረችም፤ ቢሆንም በጎታው አጠገብ ባለፈች ቁጥር ልቧ ትንሽ ረጋ ይል ነበር።

መርማሪዎች ወረዳው ከተማ ገብተዋል ሲባል ፌስታሉን ታቅፋ ተነሳች። እናቷ ነጠላዋን ደርባ «ብቻሽንማ አትሄጂም» ብላ ተከተለቻት። ወዴት እንደሆነ አልጠየቀቻትም።

መርማሪዋ ጓንት አጥልቃ ቋጠሮውን ፈታች። ቀሚሱ በረዶ መስሎ፣ በወጉ ተጣጥፎ ወጣ።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ ታጥቧል» አለች መርማሪዋ ቀና ብላ።

ልጅቷ ወደ ቀሚሱ ጎንበስ አለች። እናቷ እጇን ያዘቻት።

«እኔ ነኝ ያጠብኩልሽ፣ ልጄ» አለች ቀስ ብላ። «ያኔውኑ ነው ያገኘሁት። ስታዪው እንዳይብስብሽ ብዬ፣ አንቺ ሳትኖሪ ወንዝ ይዤው ወረድኩ። ደሙ አልለቅ ብሎኝ እያለቀስኩ ነው የፈተግሁት።»

ከዚያም ወደ መርማሪዋ ዞራ ጨርቁን በመዳፏ ዳሰስ አደረገችው።

«አሁን እኮ ምንም አይታይበትም።»