ሠላሳ ላይ ገድቤው ነበር

ሚዛን ገበያ ዳር ያለችው ጌም ቤቴ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው። ፀሐይ ሲበረታ ኮምፒውተሮቹ እንዳይቃጠሉብኝ በሴኮንድ ከሠላሳ ፍሬም፣ ማለትም ከሠላሳ ሥዕል፣ በላይ እንዳያወጡ ገድቤያቸዋለሁ። ደንበኛ ተንቀራፈፈብኝ ብሎ እንዳይጨቀጭቀኝ ቁጥሩ ስክሪኑ ጥግ ላይ ይታያል። ጌሙ ውስጥ ሰው ሲበዛ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ሥዕሉም ይቆራረጣል። ዜሮ ከገባ ሥዕሉ እዚያው ደርቆ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ መፍትሔው ማጥፋት ብቻ ነው።

ቅዳሜ፣ ገበያው ደርቶ ሳለ መብራት ጠፋ። ስክሪኖቹ ጠቆሩ። ቁጥሩ ግን በቀኝ ዓይኔ ጥግ ቀረ፦ ሠላሳ። ዓይኔን አሸሁት። አልሄደም።

ነፋስ እንዲገባ በሩን ከፈትኩ። ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶታል። ሃያ ሁለት። ከቴፒ የመጣ አይሱዙ ሰው አራገፈ። አሥራ አራት። የቡና ጆንያ የተሸከመ ሰውዬ እግሩን ሲያነሳ አየሁት፤ ሲያሳርፍ ግን አላየሁትም። ብቻ ሁለት እርምጃ ወደፊት አልፎ አገኘሁት።

በሩን ዘግቼ ወደ ውስጥ ዞርኩ። ሃያ ስምንት። ምን ብዬ ለማን ልንገር?

ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣው መምህር ኃይለሚካኤል ወንበሩን አዙሮ ከባዶው ግድግዳ ጋር ተፋጦ ተቀምጧል።

"ቲቸር፣ ምን ሆንክ?" ብዬ ወደ እሱ ተራመድኩ።

አልዞረም።

"ላምያ፣ ፊቴ እንዳትቆሚ" አለ ቀስ ብሎ። "እኔ ጋ ሁለት ደርሷል።"